እንጨት ቆራጮቹ ገበታ ላይ ለምን ዝም ይሉ ነበር?

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄ አለኝ፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ወደ ሰሜን፣ ግራንድ ራፒድስ ወደምትባል ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ ጫካ ውስጥ በ1900 እንደነበረው አድርገው የሠሩት የእንጨት ቆራጮች ካምፕ አለ። መኝታው፣ ወጥ ቤቱ፣ የፈረስ ጋጣው፣ የአንጥረኛው ቤት ሁሉ በቦታው ነው። አስጎብኚዎቹ እንደ ድሮው ለብሰው፣ ሥራቸውን እየሠሩ ያጫውቱሃል። መመገቢያው ውስጥ ረጅም ገበታ አለ፤ የቆርቆሮ ሰሃኖች ተደፍተው ተደርድረውበታል። አስጎብኚዋ እዚያ የተናገረችው ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሰው ሲበላ ማውራት ክልክል ነበር አለች። ዳቦ አቀብለኝ ከማለት በቀር አንዲት ቃል የለም። ሰባ ሰው ባቄላውንና የአሳማ ሥጋውን ዝም ብሎ በልቶ ዝም ብሎ ይወጣል።

እኔ ያደግኩት ግንድ ሰንጣቂ ቤት ነው። አባቴና የመጋዝ ጓደኛው ቀኑን ሙሉ አንድ መጋዝ ሲጎትቱ ይውሉና ምሳ ሲደርስ ከአንድ ሰሃን እየተጎራረሱ ይጫወታሉ። ድካሙን የሚያስረሳቸው ምግቡ ሳይሆን ጨዋታው ነበር። ታዲያ ከኅዳር እስከ መጋቢት አንድ ጣሪያ ሥር ታጭቆ የሚከርም ሰው ገበታ ላይ እንዴት አፉን ይዘጋል? ማንስ ነው የሚከለክለው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ይህን ከለጠፍኩ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 41 ምላሽ ተከመረበት። ዘግይቶ የገባ ሰው ሁሉ ከላይ ማንበብ ሰለቸኝ እያለ ሲያማርር፣ የመድረኩ አስተባባሪ አንተ የጀመርከውን አንተው ሰብስበህ ተርክልን አለችኝ። እነሆ ሰበሰብኩ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተሰደበም የሰደበም ራሱን ያውቃል።

1ኛው ምላሽ ቀልድ ነበር። ምግቡ ቢጥም ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም፣ እነሱም ቤት የእናቱ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ሰው አይናገርም ይላል። ከቁም ነገሮቹ ሁሉ ይበልጥ የተወደደው እሱ ነው።

2ኛው ሰው ግን ከሰላምታው ቀጥሎ ሒሳብ ውስጥ ገባ። አንድ ካምፕ ውስጥ ስልሳም ሰባም ሰው ይኖራል፤ ለዚህ ሁሉ አፍ ያለው አንድ ዋና ወጥ ሠሪና ሁለት ሦስት ረዳት ነው። ሠራተኛው ሳይነጋ በልቶ ጎህ ሲቀድ ዛፉ ሥር መገኘት አለበት። ለመብላት አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢያገኝ ነው። ወሬ ከተጀመረ ሻይ ይደገማል፣ ክርኑን ያስደገፈ ሰው አይነሳም፣ የሰሃን እጥበቱ ይዘገያል፣ እጥበቱ ከዘገየ ደግሞ ወደ ጫካ የሚላከው ምሳ ይዘገያል። ስለዚህ ዝምታው የአሠሪው ሰዓት መቆጠቢያ ነው ባይ ነው። መልሱ በቂ ስለመሰለኝ አመስግኜ ልዘጋው ነበር።

3ኛዋ አላስዘጋችኝም። ሲያትል ምግብ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ናት፤ ገና ስትጀምር ባቄላ ያልኩትን አረመችኝ። ነጩ ትንሹ ፍሬ ቦሎቄ ነው፣ ባቄላ ሌላ ነው፣ የግንድ ሰንጣቂ ልጅ ይህን እንዴት ይስታል ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ይዛን ገባች። ወጥ ሠሪው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይነሳል። ቦሎቄው ግን ከማታ ጀምሮ በስሏል፤ መሬት ተቆፍሮ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠንካራ እንጨት ነዶ ፍም ሲሆን፣ ከባድ የብረት ድስት ከነክዳኑ ይቀበርና አመድና አፈር ይለብሳል። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ሲንተከተክ ያድራል። ውስጡ ጨው የበላ የአሳማ ጮማና ሞላሰስ የሚባለው ጥቁር ዝልግልግ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ አለ። ጠዋት አፈሩ ሲገለጥ የሚወጣውን ሽታ ስትጽፈው እኔ እዚህ ሥራ ቦታዬ ላይ ራበኝ። ቀደም ባሉት ዓመታት በየካምፑ ቦሎቄ፣ ጮማ፣ ዳቦና ሻይ ብቻ ነበር፤ ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ነው የደረቀ ፕሪም፣ ዶናት፣ ፓይ የመጣው። ወጥ ሠሪው ከመጥረቢያ ያዡ የበለጠ ደሞዝ ነበረው። ምግቡ ከተበላሸ ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ካምፕ ይሄዳልና፣ ካቦው እንኳ ወጥ ቤት ሲገባ በትሕትና ነው። በእሷ አስተያየት ዝም በሉ ያለው ካቦው አይደለም፣ ወጥ ሠሪው ነው። ገበታው የእሱ ግዛት ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መቀመጫ አለው፤ አዲስ የመጣ ሰው ረዳቱ ቦታ እስኪሰጠው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ባገኘበት አይቀመጥም።

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለው ስለ አሳማው ሥጋ ነው። ዘለልኩት።

7ኛው በሰላም ጀምሮ ወደ ክርክር ገባ። ዝምታው ጠብን ለመከላከል የወጣ ሕግ ነው ይላል። እዚያ ካምፕ ውስጥ የኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አለ፣ አይሪሽ አለ፣ ስዊድናዊና ኖርዌጂያዊ፣ ጀርመን፣ ፊንላንዳዊ አለ። ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ አጠገብ ላጠገብ ነው የሚቀመጡት። ቢላዋና ሹካ በእያንዳንዱ እጅ ላይ ባለበት ሰዓት አንድ ነገረኛ ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ምርጫ ቢያነሳ ምን ሊከተል እንደሚችል እኛ አበሾች ማስረጃ አያስፈልገንም አለ። ብዙ ሰው ተስማማ።

8ኛው ግን ይህን ክርክር በአንድ ጥያቄ ሰንጥቆ ጣለው። ያው ፈረንሳይና ያው አይሪሽ እራት በልተው ወደ መኝታው ሲመለሱ ያወሩ የለም ወይ? እዚያ ተደራራቢው አልጋ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የተፈለጠ ግንድ አግዳሚ ነበር፣ የዲያቆን ወንበር ይሉታል። ሰውዬው ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሮ መጥረቢያውን እየሳለ፣ ትምባሆውን እያኘከ፣ ቫዮሊን የሚችል እየመታ ተረት ሲያወራ ያመሻል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፋኖሱ ይጠፋል። ጠብ ቢፈራ ኖሮ የሚከለከለው ይሄኛው ነበር። እኔ ለዚህ ምላሽ እጄን አንስቻለሁ። አንድ ሰው የዲያቆን ወንበር የሚለውን ይዞ በዚህ መድረክ ስላሉ ዲያቆናት ሊቀልድ ሞከረ፤ አልተሳካለትም።

9ኛውን የጻፉት አዛውንት አናጢ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው ሁላችንም። ስለ ዝምታው አንዲት ቃል አልጻፉም። የአባቴን መጋዝ ነው የጠየቁኝ። ግንድ ከላይና ከታች ሆኖ ወደ ጣውላ መሰንጠቅና የቆመ ዛፍ መጣል የተለያየ ሙያ ነው፣ መጋዙም ጥርሱ ይለያያል አሉ። በአሜሪካ ጫካ እስከ 1870ዎቹ ድረስ ዛፍ የሚጣለው በመጥረቢያ ነበር፤ የሁለት ሰው መጋዝ የወደቀውን ግንድ ከመቁረጥ አልፎ የቆመውን ዛፍ ወደ መጣል የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛፉ ወደሚወድቅበት ጎን በመጥረቢያ አፍ ይከፈትለታል፣ በተቃራኒው ወገን መጋዙ ይገባል፣ መጋዙ እንዳይነከስ ከኋላው ሽብልቅ ይመታል። ጥድ ሙጫው መጥፎ ነው፤ ጥርሱን ያጣብቀዋል። ስለዚህ ቆራጮቹ ነጭ ጋዝ የሞላበት የመጠጥ ጠርሙስ ወገባቸው ላይ ወይም ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥለው፣ በየጊዜው ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። መጋዝ ይሳባል እንጂ አይገፋም፤ የሚገፋ ጓደኛ ከደረሰህ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሰው ትጎትታለህ አሉ። ይህችን አባቴም ይላት ነበር፣ እንዲያውም ስለ ጎረቤታችን ነበር የሚላት።

ቀጥለው የጻፉት አስደንጋጭ ነው። ዛፉ ሲወድቅ የሚገድለው ግንዱ ብቻ ሳይሆን ከላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለው ደረቅ ቅርንጫፍም ነው፤ ቆራጮቹ ሚስትን መበለት የሚያደርግ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ድምፅ የለውም። እሳቸው ራሳቸው ወጣት ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲወርድ አይተዋል፤ ሰውዬው ስሙን ሲጠሩት ቀና ባይል ይተርፍ ነበር ብለው እዚያው አቆሙ። ከሳቸው በኋላ ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም።

10ኛው ዝምታውን በፎቶ ሰበረው። ሰማይ የሚነካ የግንድ ክምር የተጫነበት በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ፣ ከፊቱ ሁለት ፈረስ። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ በሁለት ፈረስ 50 ግንድ ይጎትቱ ነበር፣ የዛሬ ሰው ምን ሠራሁ ይላል ብሎ ፎከረ። 11ኛው በቁጣ ነው የመጣው፤ ሳያጣሩ መለጠፍ ይህን ቤት ገደለው ካለ በኋላ ፎቶው የ1893 መሆኑን፣ ሚሺጋን ውስጥ ኢወን በምትባል ቦታ ሆን ተብሎ ለትርኢት የተጫነ መሆኑን ጻፈ። በእርግጥ 50 ግንድ ነው፣ 36,055 ቦርድ ጫማ፤ አንድ ቦርድ ጫማ ማለት አንድ ጫማ በአንድ ጫማ ሆኖ አንድ ኢንች የሚወፍር ጣውላ ነው። ከፍታው 10 ሜትር ያህል ነበር። ከዚያም በባቡር ተጭኖ ቺካጎ የዓለም ትርኢት ላይ ቆመ። የዘወትሩ ጭነት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ይቅርታ ጠየቀ፤ 11ኛው ግን ይቅርታውን ሳይቀበል ሌላ ሁለት መስመር ወቀሳ ጨመረበት፣ ያ አላስፈላጊ ነበር።

ነገሩን ወደ መልካም ነገር የመለሰው 12ኛው ነው። በሙያው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በበረዶ ላይ ስለ መጫን የሚያውቀውን ያህል እኛ ማናችንም አናውቅም። ሁለት ፈረስ ያን ያህል ክብደት እንዴት ያንቀሳቅሳል ለሚለው መልሱ መንገዱ ነው አለ። ሌሊት፣ ብርዱ ሲጠና፣ ትልቅ የእንጨት ታንከር የተጫነበት ተንሸራታች ጋሪ በመንገዱ ላይ ይሄዳል። ከኋላው ያሉት ቡሽ መሰል መድፈኛዎች ሲነቀሉ ውኃው ለጋሪው እግር በተቀደደው ሁለት ፈር ላይ ይፈሳል፤ እስኪነጋ መስታወት ይሆናል። ታንከሩን ለመሙላት በርሜሉን ከወንዝ የሚያወጣው ፈረስ ነው፣ በሰንሰለት እየሳበ። ነጂው ከኋላ ውኃ እየረጨበት፣ ከፊት ነፋስ እየመታው ሲያድር ልብሱ ላይ በረዶ ይጋገራል። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይህ መንገድ ተአምር ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ጭነቱ ፈረሶቹን ይቀድማል። ስለዚህ በየቁልቁለቱ ላይ አንድ ልጅ ወይም አንድ ሽማግሌ ይቆማል፤ ሥራው ድርቆሽ ወይም አሸዋ ፈሩ ውስጥ እየበተነ ጭነቱን ማዘግየት፣ ፈረሶቹ የጣሉትን ፋንድያ ደግሞ ከበረዶው ላይ ማንሳት ነው፤ ፋንድያው ከቀዘቀዘ ጋሪውን ይነክሰዋል። ድርቆሹ ከበዛ ጭነቱ ቁልቁለቱ ላይ ይቆምና ነጂው ይሰድበዋል፤ ካነሰ ፈረሱም ነጂውም ያልቃሉ። በካምፑ ከዝቅተኞቹ ደሞዞች አንዱ የዚህ ልጅ ነበር። ሹፌሩ ይህን ጽፎ፣ አውራ ጎዳና ላይ ጨው የሚበትኑትን መኪኖች ሲያልፍ ከዛሬ ጀምሮ ጡሩንባ እንደሚነፋላቸው ቃል ገባ።

13ኛው የሄድኩባትን ግራንድ ራፒድስ ይዞ መጣ። በ1883 ወንዙ ሞልቶ የግንድ ጎርፍ የባቡር ድልድዮቹን ጠራርጎ የወሰደው እዚያች ከተማ ነው አለ። እኔም አምኜው አመሰገንኩት። 14ኛዋ ሁለታችንንም አረመችን፦ ያ የሆነው ሚሺጋን ባለችው ግራንድ ራፒድስ ነው፣ ያንተዋ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችው የሚኒሶታዋ ናት። ስሙ አንድ ቢሆንም በመካከላቸው አንድ ሙሉ ክፍለ ሀገር አለ። አፈርኩ።

ስለ ወንዙ ብዙ ተጻፈ። ግንዱ በበረዶው ወራት ወንዝ ዳር ይከመርና ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ይለቀቃል። እያንዳንዱ ግንድ ጫፉ ላይ የባለቤቱ ምልክት በመዶሻ ተመትቶበታል፤ እንደ ከብት ማኅተም ማለት ነው፣ ታች ሲደርስ በምልክቱ ይለያል። ከቤቴ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ስቲልዋተር አጠገብ በሴንት ክሮይ ወንዝ ላይ ከ1856 እስከ 1914 ይህን ሲለይ የኖረ ቦታ መኖሩን ያወቅሁት ከዚህ ውይይት ነው። ግንዱን የሚነዱት ሰዎች ሶሉ ሹል ብረት ያወጣ ጫማ አድርገው በሚንከባለል ግንድ ላይ ይራመዳሉ። በእጃቸው የሚይዙት ጫፉ ሹል፣ ጎኑ ላይ የሚታጠፍ መንጠቆ ያለው ዘንግ ነው፤ የሜይን ሰው የሆነ ጆሴፍ ፒቪ የሚባል አንጥረኛ በ1850ዎቹ መጨረሻ ስለሠራው ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1886 ደግሞ በዚሁ በሴንት ክሮይ ወንዝ፣ ቴይለርስ ፎልስ ላይ ግንዱ ጠባቡ የድንጋይ በር ላይ ተሰንቅሮ ተከመረ። ብዙ ሰው ለሳምንታት ታገለው፤ በዲናሚት ጭምር ነው የተፈታው።

እና ይህች 1886 የምትባል ቁጥር አበላሸችን። 17ኛው አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው ብሎ በደስታ ጻፈ። 18ኛው አዲስ አበባ በ1879 ነው የተቆረቆረችው፣ ታሪክ አታዛቡ አለ። 19ኛው ሁለቱም አንድ ዓመት መሆኑን፣ አንዱ በፈረንጅ አንዱ በእኛ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። 20ኛው እሱንም አልተወውም፤ የግንዱ መሰንቀር በሰኔ ከሆነ በእኛ ገና 1878 ነው ብሎ በአንዲት ዓመት ያዘው። 21ኛው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እኔ የጠቀስኩት የ1900 ካምፕ ራሱ አሥራ ዘጠነኛው ነው ወይስ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ብሎ ጠየቀ። 22ኛው ደንቆሮ የሚል ቃል ሲጠቀም አስተባባሪዋ ገብታ ሁለት ምላሽ አጠፋች። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ነገር ቢኖር የ23ኛው ነው፦ እዚህ ጥዱ በሚያልቅበት ዘመን እንጦጦና አዲስ አበባ ዙሪያም ዛፉ አልቆ ማገዶ ጠፍቶ ነበር፤ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ከተማዋን ያተረፋት ባህር ዛፉ ነው አለ። ከዚያ ባህር ዛፍ መሬት ያደርቃል አያደርቅም የሚለው ሊጀመር ሲል እኔው ራሴ ለመንኩ፤ ወደ ገበታው እንመለስ ብዬ።

የተመለሰው 26ኛው ነው፣ ሁመራ ሰሊጥ ሲያጭድ የነበረ ልጅ። እዚያ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም፤ ግን ከአጨዳው የመጀመሪያ ሳምንት በኋላ ገበታ ላይ የሚያወራ አልነበረም፣ ሰው ሲደክም ቃል ያልቅበታል አለ። ከዚያ ስለ ደሞዙ ጠየቀ። 2ኛው ተመልሶ መጣና መለሰለት፦ በ1880ዎቹ ከነቀለቡ በወር ከ20 እስከ 30 ዶላር። 28ኛው ለጊዜው ጥሩ ገንዘብ ነው ቢል፣ የሁመራው ልጅ ከእጅ የሚደርሰውን ቁጠሩ እንጂ ብሎ ቆረጠው። ካምፑ ውስጥ የጸሐፊው ትንሽ ሱቅ አለ፤ ትምባሆ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ጓንት በዱቤ ይወሰድና በመጋቢት ሒሳብ ሲዘጋ ይቀነሳል። ሁመራም መነጽሩና ጫማው በዱቤ ነበርና ይህን ሲሰማ አልገረመውም። አንድ ሰው ሚሺጋን ውስጥ የተደረገውን የ1885ቱን የሳጊናው አድማ ጠቀሰ፤ ሥራው በቀን አሥር ሰዓት ካልሆነ የእንጨት ብናኝ የለም የሚለው መፈክር የወጣበትን። 11ኛው፣ ያ ቁጡው፣ አድማ የመቱት የመሰንጠቂያ ፋብሪካ ሠራተኞች እንጂ የካምፕ ሰዎች አይደሉም ብሎ አረመ። በዚህኛው እንኳ ትክክል ነበር፣ አነጋገሩም ለስልሷል።

ስለ ጉዳት 30ኛዋ ነርስ ጻፈች። እዚሁ ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የቤኔዲክት ሴት መነኮሳት በ1888 የከፈቱት ሆስፒታል ለእንጨት ቆራጮች አስቀድሞ ትኬት ይሸጥ ነበር፤ ትኬቱን የገዛ ሰው እግሩ ቢሰበር ገብቶ ይታከማል። መነኮሳቱ በበረዶ መንገድ ካምፕ ለካምፕ እየዞሩ ነው የሚሸጡት። ኢንሹራንስ ማለት ነው እንግዲህ፣ ያውም በኪስ የሚያዝ።

31ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ሁላችንም ስለ ቦሎቄና ስለ ፈረስ ስናወራ ጫካው የማን እንደነበር አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም አለ። በ1837ቱ ውል የምድሩ ነባር የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ ዛሬ በዊስኮንሲንና በሚኒሶታ ውስጥ ያለ ሰፊ የጥድ ምድር እንዲለቅ ተደርጓል፤ መጥረቢያው ተከትሎ ገባ። 32ኛው ሁሉን ነገር ፖለቲካ አታድርጉት ብሎ አፌዘ። 33ኛዋ፣ ሕግ የተማረች ትመስላለች፣ ያው ውል ሕዝቡ የማደን፣ የማጥመድና የመልቀም መብቱን እንዳስቀረለት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1999 መብቱ ዛሬም እንደሚሠራ መወሰኑን ጻፈች። የኦጂብዌ ሰዎች ራሳቸው በካምፑና በወንዙ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ዊስኮንሲን ያሉት ሜኖሚኒ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ደግሞ ጫካቸውን እየመረጡ ስለቆረጡ ዛሬም ቆሞ ይታያል። 31ኛው ትክክል ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ጥያቄዬን ስጽፍ እኔም አላሰብኩትም ነበር።

ስለ ፔሽቲጎ ከተማ እሳት የተጻፈው አጭር ነው፣ ረጅም መሆን ነበረበት። ቆራጮቹ ግንዱን ወስደው ቅርንጫፉንና ጫፉን እዚያው ጥለውት ይሄዱ ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1871፣ በፈረንጅ ነው፣ እንደገና አትጀምሩ፣ ከደረቅ በጋ በኋላ ዊስኮንሲን ውስጥ ያ ሁሉ ጭራሮ ተያያዘ። ከ1,200 የማያንስ ሰው አለቀ፣ እስከ 2,500 የሚያደርሱትም አሉ። በዚያችው ሌሊት ቺካጎም ስለተቃጠለች ዓለም የሚያስታውሰው ቺካጎን ነው።

35ኛው ቅማልን አነሳ። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ከምድጃው በላይ በገመድ የተሰቀለ የስልሳ ሰው እርጥብ ካልሲ፤ እሑድ እሑድ ልብስ በበርሜል ይቀቀላል፣ ቅማሉ ግን ሰኞ ይመለሳል። ስለ ካልሲው ሽታ የተጻፉትን ሦስት ምላሾች ለክብራችሁ ስል ትቻቸዋለሁ።

እኔም 38ኛውን ጻፍኩ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፣ በሌሊት ፈረቃ። የሠላሳ ደቂቃ እረፍት አለን፤ ከመደርደሪያው እስከ መመገቢያው ስድስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ለመመለስም ስድስት። ማንም ዝም በሉ አላለንም፣ ግን አርባ ሰው ስልኩን እያየ ይበላል፣ ማይክሮዌቩ ብቻ ነው የሚጮኸው። የእንጨት ቆራጮቹ ጉዳይ የከነከነኝ ለዚህ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ።

የሲያትሏ እህት 39ኛው ላይ አልተስማማችልኝም። አንተ ከፈለግክ ታወራለህ፣ እነሱ ቢያወሩ ወጥ ሠሪው ያባርራቸዋል፤ ሁለቱን አታመሳስል አለች። ደግሞም ከወጥ ሠሪው በኩል እየው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተህ ለሰባ ሰው አብስለህ፣ ሰሃን አጥበህ፣ የምሳውን በተንሸራታች ጭነህ ወደ ጫካ ልከህ፣ ቦሎቄው ሰሃን ላይ በረዶ ሆኖባቸው በሉት ሲሉህ ሰምተህ፣ ማታ እንደገና ሰባ ሰው ሲንጫጫብህ ምን ትላለህ? እኔም አንድ ቀን ፀጥታ ባገኝ እከለክላቸው ነበር አለች። የማን ወገን እንደሆነች ግልጽ ነው። ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌሎቹ መልሶች ሁሉ ሳሱብኝ።

40ኛው አሠራሩን ጠየቃት፤ ያለ አሳማ። 41ኛው ላይ ሰጠችው። ቦሎቄው ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ሽንኩርት ሳይከተፍ በሙሉው ይገባል፣ ሰናፍጭ ትንሽ፣ ሞላሰስ ሁለት ማንኪያ፣ ዘይት በጮማው ፋንታ፣ ከዚያ ኦቨን ውስጥ በትንሽ እሳት ስድስት ሰባት ሰዓት። ለጾም ይሆናል ብላለች። ትናንት ረቡዕ ሠራሁት። ሞላሰሱን ካለችኝ በላይ ጨምሬ ሥሩ አረረ፣ ቤቱ የስኳር ፋብሪካ ሸተተ፣ ባለቤቴ መስኮት ከፈተች። ትልቋ ልጄ ግን ሰሃኖቹን አንድ በአንድ ደፍታ ደረደረቻቸውና በሩ ላይ ቆማ፣ የት እንደምንቀመጥ እስክትነግረን እንድንጠብቅ አዘዘችን።